የሞተር ሳይክል ሰልባትዮ ትንፋሽና የዕድራችን ሞተር ጉዳይ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



 

ንግግሩ ስለ ሞተር ሳይክል የቤንዚን ሰልባትዮ ነው ሲባል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይተናል። ዕድርና ሞተር ሳይክል ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። ዕድር የሚያውቀው ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ጥሩምባ ነው። ነገር ግን ዕድራችን በ2009 ዓ.ም. ለለፋፊው ያገለገለች አንድ መቶ ሲሲ ሞተር ገዝቶ እንደ ነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በዚያች ሞተር ምክንያት የተፈጸመ አንድ በደል አለ። በደሉ እንዴት እንደ ተፈጸመ እንዲገባችሁ ደግሞ ስለ ሰልባትዮ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ሞተር የሚነዱ ልጆች ያሏችሁም ለቤታችሁ የሚሆን ነገር ታገኙበታላችሁ።

«እኛ» እያልን የምንናገረው ለክብር አይደለም። ሠላሳ ምናምን ዓመት መዝገብ ቤት ስንጽፍ «እኔ» ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ አልነበረም፤ ልማድ ሆኖብን ነው። ትምህርታችንም ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ መሐንዲሶች ብትኖሩ ስሕተታችንን በይቅርታ እለፉት።

በካርቡራቶር የሚሠራው ሞተር ሳይክል፣ አብዛኛው ማለታችን ነው፣ የቤንዚን ፓምፕ የለውም። ቤንዚኑ ከሰልባትዮው በገዛ ክብደቱ ቁልቁል ወርዶ ካርቡራቶሩ ሥር ወዳለችው ትንሽ ጽዋ ይገባል። ከዚያ ሞተሩ እየመጠጠ ይወስደዋል። በሰልባትዮውና በካርቡራቶሩ መካከል ያለው ከፍታ ቢበዛ 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። እንግዲህ ቤንዚኑን የሚገፋው ይህ ብቻ ነው፤ በጣም ትንሽ ጉልበት ነው።

አሁን ጠጅ ቤት እንሂድ። ብርሌ ሞልታችሁ በአንድ ጊዜ ብትደፉት ጠጁ ቀጥ ብሎ አይወርድም። ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ለምን? አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ጠጁ ሲወጣ አየር በዚያው በር ተጋፍቶ መግባት አለበት። እናቶች ደግሞ ይህን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል። የዘይት ቆርቆሮ በምስማር አንድ ቦታ ብቻ ቢበሳ ዘይቱ ጥቂት ወርዶ ቀጥ ይላል፤ በወዲያኛው በኩል ሁለተኛ ቀዳዳ ሲበሳለት ግን ዝርር ብሎ ይወርዳል። ሁለተኛው ቀዳዳ ዘይት አያወጣም፤ አየር ነው የሚያስገባው። የሞተር ሰልባትዮም ያው ነው። ቤንዚን በወጣ መጠን አየር መግባት አለበት። የአየሩ በር በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ ክዳኑ ውስጥ ያለች ቀጭን ቀዳዳ ናት፤ በአንዳንዶቹ ደግሞ ከሰልባትዮው ሥር ወደ ታች የሚወርድ ትንሽ የላስቲክ ቱቦ ነው።

ያቺ ቀዳዳ የተደፈነች እንደሆነ ቤንዚኑ እየጎደለ ሲሄድ ከላዩ ያለው አየር ይሳሳና ቤንዚኑን ወደ ላይ ይዞ ያስቀረዋል። ሞተሩ ጽዋዋ ውስጥ የቀረውን እስኪጨርስ፣ እንደ ሞተሩ ሁኔታ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ከዚያ ጉልበቱ ይደክማል፣ ይንገጫገጫል፣ ይጠፋል። ነጂው ወርዶ ፔዳል ቢመታ እምቢ ይለዋል። አረፍ ብሎ፣ ካንዴላ ነቅሎ ጠርጎ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ እንደገና ቢመታው ይነሣል። ምክንያቱም ምንም ክዳን ቢጠብቅ በጥቂቱ ያሳልፋልና በዚያች ሩብ ሰዓት አየር ሾልኮ ገብቷል። ሰውዬው ግን ካንዴላው ነው ብሎ ያምናል። ጥቂት ሄዶ ደግሞ ይጠፋበታል።

ሌላም አለ፤ ሰልባትዮው ሙሉ ሲሆን ችግሩ ይብሳል። ከቤንዚኑ በላይ ያለው አየር ጥቂት ስለሆነ ትንሽ ቤንዚን ሲወጣ እንኳ ቶሎ ይሳሳል። ግማሽ የሆነ ሰልባትዮ ግን ብዙ አየር ስላለው ረዘም ያለ መንገድ ይታገሣል። እንዲሁም የእኛ አገር መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ከደጋ ወደ ቆላ ስንወርድ የውጭው አየር እየከበደ ይሄዳል። ክዳኑ የታሸገ ሰልባትዮ ግን ከላይ የያዘውን ስስ የደጋ አየር እንደያዘ ስለሚወርድ ቤንዚኑ እንቢ ይላል። አንድ የፊዚክስ መምህር ጎረቤታችን አስልተው እንደ ነገሩን፣ ፈጽሞ የታሸገ ቢሆን ከ200 እስከ 300 ሜትር መውረድ ብቻውን ያንን የ20 እና የ30 ሳንቲ ሜትር ጉልበት ይሽረዋል። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ጉዳዩ።

ሞተሯ ስትገዛ ክዳኗ ቁልፍ አልነበረውም። በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ቤንዚን ቶሎ ቶሎ ያልቃል የሚል ሐሜት ተነሣ። ለፋፊው ልጅ እየቀዳ ይሸጣል ተባለ። ማን እንዳለ አሁን አናነሣም፤ እኛም ዝም ብለን ሰምተናል፣ ዝም ማለት ደግሞ ያው መስማማት ነው። ስለዚህ ኮሚቴው ከገበያ ቁልፍ ያለው ክዳን ገዛ፤ ቁልፉም በንብረት ያዣችን እጅ እንዲቀመጥ ተደረገ። ክዳኑ ልኩ አልነበረምና ሞተሯ ስትጋደም ቤንዚን ያንጠባጥብ ጀመር። ንብረት ያዣችንና እኛ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን ከአሮጌ ካላማዳሪ ላይ ክብ ላስቲክ በመቀስ ቆርጠን ከክዳኑ ሥር ለጠፍንበት። ማንጠባጠቡ ቆመ። ደስ አለን። ላስቲኩን መሐሉን ሳንበሳ ድፍኑን ነበር የለጠፍነው።

ከተማ ውስጥ ምንም አልተሰማም። ምክንያቱም ሞተሯ የምትሞላው አንድ ሁለት ሊትር ነበር፤ የምትሄደውም አጭር መንገድ ነው፤ ንብረት ያዣችን ደግሞ ማታ ማታ ክዳኑን ከፍተው ቤንዚኑን በእንጨት ይለኩ ነበር። በየዕለቱ ያስተነፍሷት ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ኅዳር ወር አንዲት እናታችን ሌሊት ዐረፉ። ቀብሩ በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ተባለ። ወንድማቸው ከደብረ ሲና ወዲያ ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወስደው ቆላ ገጠር ነው የሚኖሩት። ስልካቸው ሌሊቱን ሙሉ ቢደወል አልሠራም። ስለዚህ ልጁ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንዲሄድ ታዘዘ። መንገዱ ሩቅ ነው ተብሎ ሰልባትዮው እስከ አፉ ተሞላ፣ ክዳኑ ተቆለፈ፣ ቁልፉ ቀረ። ቢዘገይ ቢዘገይ ሦስት ሰዓት ላይ ይደርሳል ብለን ነበር። የደረሰው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ወንድማቸው መኪና እስኪያገኙ፣ ያን ዳገት እስኪወጡ፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ቤተ ክርስቲያኑ በር ደረሱ። እኛ ከቀብር ስንመለስ ተገናኘን። አፈሩ ተመልሶ አልቋል። ዕድሩን አንድም ቃል አልተናገሩትም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ብቻቸውን ወደ መቃብሩ ሄዱ።

ልጁ ተጠርቶ ተጠየቀ። «ሰባት ጊዜ ቆመችብኝ» አለ። የት የት ሲባል፣ «ከጣርማበር ዋሻ ወዲያ ቁልቁለቱ ላይ ነው የባሰባት፤ ቆላው ሙቀት ውስጥ ስትገባ ተሻላት» አለ። ኮሚቴው ሳቀ። እኛም ስቀናል። ሞተር ዳገት ይከብዳታል እንጂ ቁልቁለት ይከብዳታል? ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዋሻው ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ገደል ነው። ቁልቁለቱን ዝም ብላ ብትንከባለል እንኳ ትደርሳለች ተባለ።

ለማጣራት ተብሎ ሞተሯ ወደ አንድ መካኒክ ተወሰደች። መካኒኩ «መጀመሪያ ቤንዚን አላት?» አለ፤ የሚገባ ጥያቄ ነው። ንብረት ያዣችን ቁልፉን አውጥተው ከፈቱ፤ ታየ፤ አለ። ተዘጋ። አንድ ጊዜ ፔዳል ሲመታ ቀጥ ብላ ተነሣች። መካኒኩ ሰፈሩን ዞሮባት መጣና «ምንም የላትም» አለ። በቃ። ልጁ ውሸታም ሆነ፤ መንገድ ላይ ሰው እያመላለሰ ነው የዘገየ ተባለ። 500 ብር ተቀጣ፣ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። የጻፍነው እኛ ነን። ልጁም እስከ ፋሲካ ሠርቶ ሥራውን ለቀቀ።

ለማየት ብሎ ክዳኑን መክፈት ራሱ መድኃኒቱ መሆኑን ልብ በሉ። የፈተሸ ሁሉ በሽታውን አጥፍቶ ነው የሚፈትሸው። ልጁ ደግሞ መንገድ ላይ ሊከፍተው አይችልም፤ ቁልፉ እኛ ዘንድ ነው።

ከዚያ በኋላ ሞተሯ ዕቃ ቤት ቆመች። መልእክቱም በስልክ ሆነ። ባለፈው ክረምት ትሸጥ ተባለና ወጣች። ለዓመታት የቆመ ቤንዚን ካርቡራቶሩን አጣብቆት ነበርና ተፈትቶ ታጠበ፣ ካንዴላ ተለወጠ፣ አዲስ ቤንዚን እስከ አፏ ተሞላ። ገዢ ከመምጣቱ በፊት ብለን እኛው ራሳችን በአንኮበር መንገድ ይዘናት ወጣን። አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳ ተንገጫግጫ ጠፋች። ብንመታ ብንመታ እምቢ። ቁልፉ ኪሳችን ውስጥ ነበር። ክዳኑን ስናዞረው «ፍስስስ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ሳበ። አንድ ጊዜ መታናት፤ ተነሣች።

እዚያው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ምክንያቱም ይህን ድምፅ እናውቀዋለን። በ1976 ዓ.ም. በተላላኪነት ደብዳቤ በሞተር ስናመላልስ፣ የመሥሪያ ቤታችን ጋራዥ ሽማግሌ መካኒክ በጭቃ የተደፈነ ክዳን ከፍተው ይህንኑ ድምፅ አሰምተውን «ይህች ታንቃ ነው ልጄ፣ አልታመመችም» ብለውን ነበር። ከዚያ ወዲህ ያን ነገር ለስንት ሰው ነግረናል። ልጁ ፊታችን ቆሞ «ቁልቁለቱ ላይ ባሰባት» ሲለን ግን ትዝ አላለንም። ትዝ እንዳይለን ያደረገው ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ አስቀድመን ሌባ ብለነው ስለ ነበር ነው።

የልጁ ቃል እያንዳንዱ ልክ ነበር። ሙሉ ሰልባትዮ፣ ከዋሻው ወዲያ ቁልቁለት፣ ሁሉም የሚያንቅ ነው። ወደ ቆላው ስትወርድ ለምን ተሻላት ቢባል፣ ቤንዚን ሲሞቅ እንፋሎቱ ይበረታና የሳሳውን አየር ይሞላዋል። አንድም የጨመረው ነገር አልነበረም።

እንግዲህ ሞተር ያላችሁ እንዲህ አድርጉ። ሞተራችሁ ሄዳ ሄዳ ስትጠፋባችሁ ካንዴላ ከመንቀላችሁ በፊት፣ ሳትቆዩ፣ ክዳኑን ክፈቱና ጆሯችሁን ጣሉ። አየር ሲስብ ከተሰማና ወዲያው ከተነሣች ጥፋቱ የትንፋሽ ነው። ለማረጋገጥ ቤት ስትደርሱ ሞተሩ በደንብ ከበረደ በኋላ፣ ሲጋራም ኩራዝም ከሰል ማንደጃም በሌለበት ደጅ፣ የቤንዚኑን ቱቦ ከካርቡራቶሩ ነቅላችሁ ክዳኑን እንደ ዘጋችሁ ወደ ጠርሙስ አውርዱት። መጀመሪያ ዝርር ብሎ ቀስ በቀስ ቀጥኖ ጠብ ጠብ ካለ፣ ክዳኑ ሲከፈት ደግሞ እንደገና ከፈሰሰ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። ክዳኑ ክፍት ሆኖም የሚቀጥን ከሆነ ግን ፊልትሮውን ወይም መክፈቻውን እዩ፤ ቆሻሻ ነው። በአንዳንድ ሞተሮች መክፈቻው ሞተሩ ሲሠራ በሚፈጥረው ስበት ብቻ የሚከፈት ስለሆነ ሞተሩ ጠፍቶ ምንም ባይወርድ አትደንግጡ።

ሁሉ ነገር የትንፋሽ ነው ማለታችን አይደለም። ሲሞቅ የሚደክም ቦቢናም ልክ እንደዚሁ ያደርጋል፤ ሄዶ ይጠፋል፣ ሲበርድ ይነሣል። ልዩነቱ ክዳን ቢከፈት ባይከፈት ግድ የለውም፤ እስኪበርድ ይጠብቃል። በጠፋች ሰዓት የካርቡራቶሩን ጽዋ የታችኛ ቡሎን ላላ አድርጎ ማየት ነው። ቤንዚን ካለው የእሳት ችግር ነው፤ ደረቅ ከሆነ የቤንዚን።

ክዳኑን ማጽዳት ቀላል ነው። ፈትቶ በቤንዚን ማጠብ፣ በጎማ መንፊያ ፓምፕ መንፋት። በአፍ መምጠጥ አይገባም። ቀዳዳዋ ቀጥ ያለች ከሆነች ቀጭን ሽቦ ይበቃታል፤ ብዙዎቹ ግን ውስጣቸው ጠመዝማዛ ነው፣ ትንሽ ኳስ ያላቸውም አሉ፤ ሽቦ ያበላሻቸዋል። ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ የሚያሰፉ አይተናል። ሞተር ስትወድቅ ቤንዚኑ በዚያው ይፈስሳል፣ ዝናብም ይገባል። ትንፋሹ በቱቦ የሆነ ደግሞ ሰልባትዮው ተነሥቶ ሲመለስ ቱቦው ተጣጥፎ ወይም ተረግጦ እንዳይሆን ማየት፤ ጫፉንም ጭቃ ይደፍነዋል። የእኛን ብርድና ዝናብ ፈርተው ክዳኑን በፌስታል ጠቅልለው የሚያስሩ ልጆች አሉ፤ ያው የእኛን ካላማዳሪ መልጠፍ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ እስከ አፍ መሙላትን እኛ ትተናል። 10 ሊትር ቤንዚን ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ቢጨምር አንድ ብርጭቆ የሚጠጋ ያብጣል። በደብረ ብርሃን ብርድ ሞልቶ ወደ ሸዋ ሮቢት፣ 1300 ሜትር ገደማ ወደሆነው ሙቀት የወረደ፣ ትንፋሽም ከሌለው፣ ቤንዚኑ በካርቡራቶሩ በኩል ተገፍቶ ይፈስሳል። ሁለት ሦስት ጣት ማጉደል ነው። መንገድ ላይ ለታነቀባችሁም ክዳኑን አላልቶ መሄድ ደግ አይደለም፤ የሚረጨው በጋለ ሞተር ላይ ነው። በየጥቂቱ ቆሞ እየከፈቱ ቤት መድረስ ይሻላል። አሁን የሚመጡት ካርቡራቶር የሌላቸውና የቤንዚን ፓምፕ ያላቸው ሞተሮች ሥራቸው ሌላ ስለሆነ ለሚያውቅ ይታዩ።

የቀረው የዕድሩ ነው። ልጁን ፈልገን አግኝተነዋል፤ እዚሁ ከተማ ባጃጅ ይነዳል። ነገሩን ስንነግረው ብዙ አልተናገረም፤ «ጋሼ፣ ቁልፉን ብትሰጡኝ ኖሮ እከፍተው ነበር» ብቻ አለን። 500 ብሩን ያኔ ኮሚቴ የነበርነው ከኪሳችን አዋጥተን መልሰንለታል፤ ከዕድሩ ገንዘብ አልተነካም። በጉባኤ ፊት ይነገር ወይ ብለን ጠይቀነው ፈቅዷል። ወደ ሟች እናታችን ወንድምም ሄደን ቤታቸው ቁጭ ብለን አስረድተናል። ሞተሯም ድፍኑ ላስቲክ ወጥቶላት፣ ትንፋሽ ያለው ክዳን ተገዝቶላት፣ እስከ ደብረ ሲና ደርሳ ሳትቆም ተመልሳለች።

ቃለ ጉባኤው ግን እንደ ተጻፈ አለ። ልጁ ከሥራው ዘግይቶ፣ ሐሰት ተናግሮ ተቀጣ ይላል፤ ፊርማችንም ከሥሩ አለበት። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው እንደሚያውቀው የተጻፈ ነገር በቃል አይሻርም። ስለዚህ ይህ ጠቅላላ ጉባኤ ያ ውሳኔ እንዲሰረዝና ምክንያቱም ከግርጌው እንዲጻፍ እንዲወስንልን እንጠይቃለን። መዝገቡን ይዘን መጥተናል፤ ጠረጴዛው ላይ ነው።